የሰፋው ሳሎን

ባለፈው ቅዳሜ ከሴቻ ወደ ሲቀላ በምትወርድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ አንዲት እናትና ኮት የለበሰ ጎልማሳ ተቀምጠው ነበር።

«ግድግዳውን አፍርሰህ ውስጠኛውን ክፍል ከሳሎኑ ጋር ቀላቀልከው አሉ። ሠርግ የሚያስደግስ ሆኗል እያሉ ያወሩልሃል!» አሉት እናትዬዋ።

«አዎ፣ እትዬ ዘነበች። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሲመጡ ይጠብብን ነበር።»

«ያ ክፍል የአባትህ መኝታ አልነበረም?»

«ነበር። ሶፋው ላይ አደረግናቸው።»

«እንግዳ ሲመጣስ?»

«እስኪሄድ ደጅ ይቀመጣሉ። ‹ነፋስ ልቀበል› ይሉኝ ነበር።»

«አንተም አመንክ!»

«አመንኩ።»

«አሁንስ?»

«ሰኞ ቡልኳቸውን ይዘው ወደ ዶርዜ ወጡ። ‹ሳሎኑ አምሮበታል› አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።»

«ወይ ጉድ! እኛ አገር ምስጥ ሲያስቸግረን የቀርከሃ ቤቱን ተሸክመን ሌላ ቦታ እናቆማለን። የሚነሣው ቤቱ ነው እንጂ ሽማግሌው ነው እንዴ? አንተ የዶርዜ ልጅ አይደለህም?»

«ቀስ ይበሉ እትዬ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! መቼ ነው የምታመጣቸው?»

«መጋረጃ ልገዛ ነው የወጣሁት። ጥግ ላይ ከለል አድርጌላቸው፣ ከዚያ...»

«በመጋረጃ?»

ሰውየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ተናገር እንጂ!»

«ታዲያ ምን ብዬ ፊታቸው ልቁም?»

«መጀመሪያ ጭቃ አስቦካና ግድግዳውን መልስ። ከዚያ ሄደህ እግራቸው ላይ ውደቅ።»

«እሺ» አለ።

የእኔ መውረጃ ደርሶ ነበር፤ ሰውየው ግን አንገቱን እንደ ደፋ ስለነበር «ወራጅ አለ» ለማለት አፍሬ መውረጃዬን አለፍኩት።