ሐጃ ናብራ ባለ አራት ክፍል ቤቷን የለቀቀች ቀን

የተከበራችሁ አባቶች፣ ወንድሞቼ፤ እዚያ አጥሩ ጋ የቆማችሁ እናቶችና እህቶች፤ ከካይሮ በባቡር ስትጓዙ ያደራችሁ ልጆቿ፤ አላህ ያጽናችሁ። ሐጃ ናብራን ቀብረናል። ማልቀሱንም አልቅሰናል። አሁን ትንሽ እንሳቅ፤ እሷ ብትሆን እስካሁን አስቃን ነበር።

ግድቡ ሲሠራ ውሃው መንደራችንን ሊውጥ ነው ብለው በጀልባ ጭነው እዚህ አሸዋ ላይ ያወረዱንን ታስታውሳላችሁ? ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ግራጫ። የመጀመሪያው ማታ እኔ ሻዝሊ የሰው ቤት ገብቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ምስሩን ካጋመስኩ በኋላ ነው «ሚስቴስ የት ሄደች?» ያልኩት። ባለቤቶቹ ዳቦ ጨመሩልኝ።

ግን ቤት የታደለው በቤተሰብ ብዛት ነበር። ለናብራ አራት ክፍል ደረሳት፤ ብቸኛ ሰው ግን ዳር ላይ አንድ ክፍል ይሰጠዋል። ዓይነ ስውሯ ሰኪና ድሮ ግድግዳ እየዳሰሰች ናብራ ደጃፍ ትመጣ ነበር። እዚህ ከማታውቀው ሰው መሃል ጣሏት። እህል አልበላ አላት። ማን አየ? ሁላችንም ዕቃችንን ስንፈታ ነበርና፣ ያየችው ናብራ ናት።

«ይቺ ሴትዮ በብቸኝነት ልትሞትብኝ ነው» አለች። በማግስቱ የሰኪናን ጎረቤት፣ ሽማግሌውን አዋድን «ቤት እንለዋወጥ» አለቻቸው።

«አበድሽ እንዴ ልጄ? ስድስት ልጅ ይዘሽ እዚህ የት ትገቢያለሽ?»

«እነሱ እንደሆኑ የሚገቡት ለመተኛት ብቻ ነው። ይልቅ አልጋዎን አንድ ጫፍ ያዙልኝ።»

ሰኪና ያን ቀን በላች። እኛም ናብራን አይተን፣ እያንዳንዳችን ወደ ድሮ ጎረቤታችን ዕቃ ተሸክመን ስንተራመስ ዋልን። ቤቱን ያደለን የመንግሥት ተቆጣጣሪ መጣ። «ማን ፈቀደላችሁ?» ብሎ ጮኸ። ማን መለሰ? ናብራ።

«የኔ ጌታ፣ እናንተ አገር ሙሉ ስታነሱ እኛን አስፈቀዳችሁ? እኛ መንገድ ነው የተሻገርነው።»

ሳቁ አመለጠው። ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ለግድቡ ብለን አገር የለቀቅን እኛ፣ መብራቱን ያየነው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ከመብራቱ ጋር ቴሌቪዥን መጣ። ሁላችንም በራችንን ዘግተን እሱ ላይ ተተከልን። ማን ከፈተ? ናብራ የራሷን ቴሌቪዥን ደጅ አውጥታ ወደ መንገዱ አዞረችው። «ይሄ ሳጥን ጎረቤት ሊያሳጣኝ ነው እንዴ?» አለች። ሰፈሩ በሙሉ ደጇ ላይ ማምሸት ጀመረ።

ናብራ፣ እወድሽ ነበር፤ ሁላችንም እንወድሽ ነበር። በሄድሽበትም ብቻውን የተቀመጠ ካለ አጠገቡ እንደምትሰፍሪ አውቃለሁ። ሂጂ እናቴ፣ ደህና ሁኚ። እኛም ስንመጣ ጎረቤትሽ ነን፤ ማንንም አናስፈቅድም።