ሻምበል ሲታጠብ

(ኮተቤ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል፤ ጡረተኛው አቶ ዘርጋው ግቢያቸው ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ሻምበል የሚባለውን የልጃቸውን የሕሊናን ግዙፍ ውሻ አርሰው አንገቱን አቅፈው ይዘዋል፤ በዘጠኝ ሰዓት ሕሊናን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ አሁን በሩን ገፋ አድርገው የገቡት ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የሙሽራው አጎት አቶ አለኸኝ ናቸው፤ አቶ ዘርጋው ግን መነጽራቸውን ስላወለቁ ውሻውን እንዲያጥብላቸው የጠሩት የእንስሳት ሐኪም የደረሰ መስሏቸዋል።)

ዘርጋው፦ ቆመህ ከምታየኝ በሩን ዝጋና ና ያዝልኝ እንጂ። ይሄ ፍጥረት ካመለጠኝ በቀጥታ ሳሎን ነው የሚገባው፤ ሳሎን ደግሞ ነጭ የሶፋ ልብስ ተነጥፏል።

አለኸኝ፦ ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። እኔ እንኳ የመጣሁት...

ዘርጋው፦ ለምን እንደመጣህ አውቃለሁ። ሰባት ተኩል ብለህ ሰባት ተኩል ላይ መድረስህ ራሱ የሚገርም ነው። የደረብከውን ሁሉ አውልቅና እጅጌህን ሰብስብ። ስምንት ሰዓት ላይ ውሃው ይሄዳል፤ ፈረቃችን እስከዚያ ነው።

አለኸኝ፦ አሁን፣ እዚሁ?

ዘርጋው፦ ታዲያ ቀጠሮ ልስጥህ? በርጩማውን ሳብና ከኋላው ተቀመጥ።

አለኸኝ፦ ጉዳዬን ሳልናገር መቀመጥ ወግ አይፈቅድልኝም።

ዘርጋው፦ ጉዳይህ ይኸው እፊትህ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ምን የሚነገር አለው?

አለኸኝ፦ እሺ። ይሁን። ታገሥ ተብዬ ነው የተላክሁት።

ዘርጋው፦ ደግ መክረውሃል። ከሻምበል ጋር ያለ ትዕግሥት አይሆንም። በል ወገቡን ጨብጥ።

አለኸኝ፦ ይነክሳል?

ዘርጋው፦ ይህን የምትጠይቀኝ አንተ ነህ?

አለኸኝ፦ እንዲያው ለማወቅ ያህል።

ዘርጋው፦ እስካሁን የነከሰው አንድ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ብቻ ነው፤ እሱም ሱሪውን እንጂ ሥጋውን አልነካውም። ኧረ አጥብቀህ ያዘው፣ እየተንሸራተተ ነው።

አለኸኝ፦ የሚታገልዎ እኮ ሲሚንቶው አሟልጮት ነው። እግሩ ስር የሚነጠፍ ነገር የለም?

ዘርጋው፦ አሮጌ ጆንያ አጥሩ ላይ አለ።

አለኸኝ፦ አየሁት። አዎ፣ እንዲህ። አየዎት? እግሩ መሬት ሲጨብጥ ዝም አለ። የሳፋውን ውሃ አሙቀውታል?

ዘርጋው፦ አንድ ማንቆርቆሪያ ሙሉ ፍል ውሃ ገልብጬበታለሁ። ብርድ እንዳይመታው።

አለኸኝ፦ ክርንዎን ይንከሩበት እስቲ።

ዘርጋው፦ ውይ።

አለኸኝ፦ ይሄ የዶሮ ላባ ለመንጨት ነው የሚሆነው። ከቧንቧው ይጨምሩበት፤ ለብ ይበል እንጂ አይሙቅ። ያንን ጠርሙስ ደግሞ ምን ሊያደርጉት ነው?

ዘርጋው፦ ሳሙናው ነዋ። ሕሊና ከክሊኒክ የገዛችለት የውሻ ሳሙና።

አለኸኝ፦ ያሳዩኝ። ጌታዬ፣ «ለመታጠቢያ ቤት ወለል፣ ከሕፃናት ያርቁ» ይላል።

ዘርጋው፦ እውነትህን ነው?

አለኸኝ፦ የውሻ ሥዕል ያለበት ይኸኛው ነው። ያ ቢፈስበት ኖሮ ቆዳው ተልጦ ያድር ነበር።

ዘርጋው፦ አደራህን ይህን ለሕሊና እንዳትነግር። መነጽሬን ቅድም በጅራቱ አሽቀንጥሮብኝ፣ እንዳይሰበር ብዬ መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ያለ እሱ ግርግዳና ሰው አልለይም።

አለኸኝ፦ እሱስ ገብቶኛል። አሁን ነው የገባኝ።

ዘርጋው፦ ምኑ?

አለኸኝ፦ ምንም። ከአንገቱ እንጀምር። ቁንጫው ወደ ጆሮው እንዳይሸሽ አንገቱን መጀመሪያ በአረፋ ማጠር ነው። ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይወተፋል፤ ራሱ መጨረሻ ላይ በእርጥብ ጨርቅ ይታበሳል እንጂ ውሃ አይፈስበትም።

ዘርጋው፦ ጎሽ። ሥራህን የምታውቅ ሰው ነህ። የት ተማርከው?

አለኸኝ፦ እንጅባራ። ፈረስ ሳጥብ ነው ያደግሁት። እኛ ዘንድ ፈረስ ለበዓል ሲታጠብ ከሙሽራ አያንስም። ምን ነክቶት ነው ግን እንዲህ የሸተተው?

ዘርጋው፦ ጠዋት በሩ ክፍት ሲያገኝ ወጣና ከታች ቦይ ውስጥ የሞተ ነገር ላይ ተንከባሎ መጣ። ከዓመቱ ቀን ሁሉ የዛሬዋን መርጦ። ሕሊና አለቀሰች። ፀጉሯን ልትሠራ ስትወጣ፣ «አባዬ፣ ሽማግሌዎቹ ይህ ሽታ ከበር ከመለሳቸው ባልም ልጅም ያስቀረኸኝ አንተ ነህ» አለችኝ።

አለኸኝ፦ ሽማግሌ ይመጣል?

ዘርጋው፦ ሦስት። አንዱ የልጁ አጎት ነው፤ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር። ምላሱ የረዘመ ነው አሉ። ንግግር ከጀመረ እንግዳው ሁሉ እንቅልፍ ይወስደዋል ይላሉ።

አለኸኝ፦ ማን ነው እንዲህ ያለው?

ዘርጋው፦ ሱራፌል ራሱ። ሙሽራው። ለሕሊና ነግሯት እየሳቁ ሰማኋቸው።

አለኸኝ፦ ሱራፌል ራሱ።

ዘርጋው፦ ምነው ጅራቱን እንዲህ ጠመዘዝከው? ልብስ የምትጨምቅ መሰለህ እንዴ?

አለኸኝ፦ ይቅርታ። እጄ ሳያስበው ጠንክሮ ነው። እና ልጅዎን ይሰጣሉ?

ዘርጋው፦ ዛሬ? ዛሬማ ፊቴን አጨማድጄ አቆማቸዋለሁ። «ከዘመድ ጋር ልምከርበት» እላለሁ። ሁለቴ አመላልሳቸዋለሁ፤ ሦስተኛው ላይ እየከበደኝ እሺ እላለሁ።

አለኸኝ፦ ልጁን ስላልወደዱት?

ዘርጋው፦ ልጁንማ ወድጄዋለሁ። ባለፈው ጣራዬ ሲያፈስ ሳይጠራ መጥቶ ቆርቆሮ የመታልኝ እሱ ነው። ደንብ ስለሆነ ነው እንጂ ልቤማ ከሰጠ ቆይቷል። ሆዱን እሸው፣ እሱ ጋ ነው ሽታው።

አለኸኝ፦ ልጅትዋ ስትሄድ ታዲያ ውሻው እንዴት ይሆናል?

ዘርጋው፦ ይዤው ነው የምሄደው ብላለች። «የእነሱ ቤት ለሻምበል ቦታ ከሌለው ለእኔም የለውም» አለች፤ ቃሏ ነው።

አለኸኝ፦ የልጁ እናት ውሻ ግቢዬ አይገባም ብትልስ?

ዘርጋው፦ ሠርጉ ቀረ በለው። ልጄን አላውቃትም? የእናቷ ልጅ ናት፤ አንዴ ካለች ብትቆራርጣት አትመለስም።

አለኸኝ፦ እ።

ዘርጋው፦ ምነው ማሸቱን አቆምክ?

አለኸኝ፦ አረፋው ዓይኔ ገባ። እርስዎ ግን ደስ ሊልዎት ይገባል። ይህን ሁሉ ሽታና ትግል ተገላገሉ ማለት ነው።

ዘርጋው፦ እንዴታ። ስድስት ዓመት ሙሉ ነው ይህን ጭራቅ አውጪልኝ ስላት የኖርኩት። ጫማዬን የበላው እሱ። ጽጌረዳዬን የነቀለው እሱ። እናቷ ባረፈች በሁለተኛው ወር ነው ጫማ በማታክል ካርቶን ይዛው የገባችው። እንዲህ በሬ ያህላል ብሎ ማን ገመተ?

አለኸኝ፦ የት ነው የሚያድረው?

ዘርጋው፦ ደጅ ነዋ። ውሻ የት ያድራል?

አለኸኝ፦ አሁን እግርዎ ላይ የተደገፈው የደጅ ውሻ አይመስልም።

ዘርጋው፦ ሕሊና ስትተኛ ይገባል። አልጋዬ ሥር። እኔ አላስገባሁትም።

አለኸኝ፦ በሩን ማን ይከፍትለታል?

ዘርጋው፦ አንተ ልታጥብ ነው የመጣኸው ወይስ ልትመረምረኝ? እኔ እከፍትለታለሁ። ይኸው፣ ተናገርኩ። ቀን እሰድበዋለሁ፣ ማታ እከፍትለታለሁ። ቤቱ ጭር ሲልብኝ እሱ ሲተነፍስ እሰማለሁ፤ ያኔ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አለኸኝ፦ ለሕሊና ቢነግሯት ትተውልዎት ነበር።

ዘርጋው፦ ምን ብዬ? ስድስት ዓመት ሙሉ ስሳደብ ኖሬ አሁን «ተዪልኝ» ልበል? ደግሞስ ብቻዬን መቅረቴ አሳዝኗት ከባሏ ቤት በየቀኑ ልትመላለስብኝ? አልልም። ይሂድ። ውሃውን አፍስስ፣ ሊሄድብን ነው።

አለኸኝ፦ ቀስ ብለው ያፍስሱ። ሳሙናው ቆዳው ላይ ከቀረ ሲያክ ነው የሚከርመው። ይጠንቀቁ፣ ሊያራግፍ ነው።

ዘርጋው፦ እህ። እኔንም አጠበኝ።

አለኸኝ፦ እኔ እንኳ ከታጠብኩ ቆየሁ።

ዘርጋው፦ ሳሙናው መልቀቁን ልየው እስቲ። መነጽሬን ከመስኮቱ አቀብለኝ።

አለኸኝ፦ ባያደርጉት አይሻልም? ለቋል፣ እኔ አይቼዋለሁ።

ዘርጋው፦ አምጣው ባክህ። አዎ፣ አሁን ጠራልኝ። አቤት፣ ይሄ ውሻ ለካ ነጭ ኖሯል። አንተ ግን... ይሄ አንገትህ ላይ ያለው ከረባት ነው?

አለኸኝ፦ ከረባት ነበር።

ዘርጋው፦ በሩ ላይ የተሰቀለውስ?

አለኸኝ፦ ጋቢዬ ነው። እሱ ተርፏል።

ዘርጋው፦ የከብት ሐኪም ከረባት አስሮ፣ ጋቢ ደርቦ...

አለኸኝ፦ አይመጣም። የጠሩት ሰው ገና መንገድ ላይ ሳይሆን አይቀርም። እኔ አለኸኝ እባላለሁ። ያ እንግዳ የሚያስተኛው የሱራፌል አጎት።

ዘርጋው፦ ምን?

አለኸኝ፦ ውሻውን አይልቀቁት እንጂ፣ ገና አልደረቀም።

ዘርጋው፦ ወይ መሬት፣ ምነው ተሰንጥቀሽ በዋጥሽኝ። ሽማግሌ ነው እንዴ እስካሁን የማሯሩጠው? ምነው ዝም አሉኝ እርስዎ?

አለኸኝ፦ መጀመሪያ ደንብ መሰለኝ። ሽማግሌ ማቆም፣ ሽማግሌ ማመላለስ የታወቀ ነው፤ በእናንተ ዘንድ ደግሞ ውሻ ማሳጠብ ይጨመርበታል ብዬ ተቀበልኩ። ነገሩ ሲገባኝ ልናገር ነበር፤ እርስዎ ግን ልብዎን ከፈቱልኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ ማቋረጥ አቃተኝ።

ዘርጋው፦ እንግዲህ ሁለቴ ማመላለሱም ቀረ። ሁሉን ዘክዝኬ ጨረስኩት።

አለኸኝ፦ እኔም የያዝኩትን ልንገርዎ። ከጓደኞቼ ቀድሜ የመጣሁት ለብቻዎ የምነግርዎ ቃል ስለተላክሁ ነው። የሱራፌል እናት፣ «ልጅቷ በእልልታ ትግባ፣ ውሻው ግን በሬን አይረግጥም» ብላለች።

ዘርጋው፦ ይህ ቃል ሕሊና ጆሮ እንዳይደርስ። አለቀልን ማለት ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ የወደደችው ሰው ከዚህ በፊት አልነበራትም።

አለኸኝ፦ ከእኔ አፍ አይወጣም። እውጠዋለሁ። ግን የእኔ ቃል ቢቀር፣ ውሻው በሠርጉ ማግስት በር ላይ ሲደርስ ያው ነው። ይህን ነገር የሚፈታው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ዘርጋው፦ እኔ?

አለኸኝ፦ ለአማቷ የማትለቀውን ለአባቷ ትለቃለች። «ለእኔ ይቅር» ይበሏት። አንድ ቃል ነው።

ዘርጋው፦ ለእርስዎ አንድ ቃል ነው። እኔ ልጄ ፊት እንዲህ ብዬ ለምኜ አላውቅም። እናቷ ስትሞት እንኳ አብረን አላለቀስንም፤ እሷ እዚያ ክፍል፣ እኔ እዚህ ክፍል ነበርን።

አለኸኝ፦ መኪና ቆመ። ጓደኞቼ ናቸው። ያቺ ፀጉሯን ተሠርታ ከፊታቸው የምትገባው ሕሊና ናት?

ዘርጋው፦ እሷ ናት። ዘጠኝ ሰዓት ብለው ምነው በስምንት ሰዓት? እኔ እንዲህ እርጥብ ሆኜ፣ እባክዎ ትንሽ...

አለኸኝ፦ እርጥብ የሆንነው ሁለታችንም ነን። ወንድሞቼ፣ ኑ ከጎኔ ቁሙ፤ የልብሴን ነገር በኋላ አጫውታችኋለሁ። አቶ ዘርጋው፣ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም። ልጅዎን ሕሊናን ለልጃችን ለሱራፌል እንዲሰጡን ልንለምን መጥተናል።

ዘርጋው፦ እንግዲህ... ነገሩ ከባድ ነው። ከዘመድ ጋር መክሬበት የዛሬ ሁለት ሳምንት...

አለኸኝ፦ ልመናችንን አልጨረስኩም። ሻምበል የሚባለውን ውሻም አብረው እንዲሰጡን ነው። እሱንማ ዛሬውኑ በመኪናችን ይዘነው እንሄዳለን።

ዘርጋው፦ ዛሬ?

አለኸኝ፦ ታጥቧል፣ ምን ቀረው? ገመዱን ያቀብሉኝ። ና ሻምበል፣ ና እንሂድ።

ዘርጋው፦ ይተዉት። ይልቀቁት አልኩ። ሕሊና፣ አንቺም ቀረብ ብለሽ ስሚኝ። ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ዛሬውኑ፣ ያለ ቀጠሮ። ውሻዬን ግን አልሰጥም።