መርዶ ነጋሪው የተኛ ዕለት

ሥራዬ ሰው ሲተኛ ማየት ነው። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የእንቅልፍ ክሊኒክ፣ እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ራስ ላይ ሽቦ እየለጠፍኩ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሻቸውን በስክሪን ስከታተል አድራለሁ። ስለዚህ በዚያ የየካቲት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሬይኖልድስበርግ ሰፈር አንድ ሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ፣ ሞተሩ ያልጠፋ ቫን መሪ ላይ የተደፋ ሰው ሳይ፣ ተኝቶ ይሁን ታሞ መለየት ነበረብኝ። አልለየሁም። ደንግጬ መስኮቱን ደበደብኩት።

ሰውየው ብድግ ብለው አዩኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ማን ሞተ?» አሉኝ።

ጋሼ ሙሐመድኑር ነበሩ። በከተማችን የሚኖር አበሻ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ በራፉ ላይ ሊያያቸው የሚፈልግ ግን የለም። አገር ቤት ሰው ሲሞት ለዘመዱ በስልክ አይነገርም። ለእድሩ ይደወላል፤ እድሩ ማለት ደግሞ የእሳቸው ስልክ ነው። ከዚያ ጋሼ ጥቂት ሰዎች አስከትለው፣ ሐዘንተኛው እህል ሳይቀምስ፣ ጎህ ሲቀድ በሩን ያንኳኳሉ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አድርገዋል። የእናቴን ሞት ያረዱኝም እሳቸው ናቸው፤ ከሌሊት ሺፍት ገብቼ ገና ሸለብ ሲያደርገኝ።

«ኧረ ማንም አልሞተም፣ ጋሼ። ተደፍተው ባይ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉና በሩን ከፈቱልኝ። «ግቢ ልጄ፣ ብርዱ አይፍጅሽ።»

ገባሁ። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ከተኙ ስንት ቀን ሆነዎት?»

«ቀን ትያለሽ እንዴ? ሰባት ወር ነው እንጂ። ሌሊት ትንሽ ሸለብ ያደርገኝና ባንኜ እነሳለሁ። እንቅልፍ የሚመጣብኝ እዚህ መሪው ላይ ስሆን ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለባለቤቴ እንዳትነግሪብኝ። ሐሙስ ዕለት ሚስ ዶሪስን ከዳያሊሲስ፣ ከኩላሊት እጥበቷ ስመልሳት ሀይዌይ ላይ ወሰደኝ። ጎማው የመንገዱን ዳር ረግጦ ቫኑ ሲንቀጠቀጥ ነው የነቃሁት። ሴትዮዋ ከኋላ ሆና ‹አር ዩ ኦኬ?› ትለኛለች። በሽተኛዋ እሷ፣ የምትጠይቀው እኔን!»

ጋሼ እንጀራቸው ይሄ ነው፤ በሽተኛ ከቤቱ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤቱ ማመላለስ።

«ቁልፉን ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ሥራዬ እኮ ነው፣ ብሩክታዊት።»

«ሚስ ዶሪስን ገድለው ሲያበቁ፣ ለልጆቿ ማን ሄዶ ያረዳልዎታል?»

ምላሴ ክፉ ነው፤ እናቴም ትለኝ ነበር። ጋሼ ግን አልተቆጡም። ፊታቸውን በረዶ ወደተቆለለበት ፓርኪንግ አዞሩ።

«ዓይኔን ስጨፍን በር ይከፈታል» አሉ። «አንቺም አለሽበት። በሩ ሲከፈት ሰው ፊቴን አያይም፣ እጄን ነው የሚያይ። የያዝኩት ነገር ያለ ይመስል። ጦርነቱ ወሎ በገባበት ዓመት ስልክ ተዘግቶ ቆየና ሲከፈት የሦስት ወሩ ሞት በአንድ ሳምንት መጣ። ያኔም እተኛ ነበር፣ ወላሂ። አሁን ግን ወንድሜ ጃፋር ኮምቦልቻ ታሞ ከወደቀ ሰባት ወሩ ነው። እና ባለፈው ዒድ ለእድርተኛችን ለሃጀር ሥጋ ይዤላት ሄድኩ። በሩን ከፍታ እንዳየችኝ እሪ ብላ ወደቀች። ‹እማዬ ናት? እማዬ ናት?› ትላለች። ሥጋ ነው ያመጣሁት ብላት ማን ይስማኝ? ከዚያ ወዲህ የማንንም በር ለደስታ አንኳኩቼ አላውቅም።»

ክሊኒካችን ለእንዲህ ያለው ሰው የሚለጥፈው ሽቦ የለውም። ቢሆንም የማውቀውን አልኩ። ሰውነትን ማሳረፍ የሚባል ነገር አለ፣ ትንፋሽን ማዘግየት፣ ጡንቻን አንድ በአንድ ማላላት፣ ሐሳብ ሲመጣ ሳይታገሉት ማሳለፍ፤ ሰው ይማረዋል አልኳቸው።

«ሜዲቴሽን የሚሉት ነው? ልጆቹ ዩቲዩብ ላይ የሚያዩት?» ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «እግሬን አጣጥፌ ዓይኔን ልገልብጥልሽ? እኔ ዱዓ አለኝ፣ ዚክር አለኝ። የሰው ሃይማኖት ምን ያደርግልኛል?»

«ዱዓዎን የሚነካብዎት የለም። ዱዓው ለነፍስዎ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ መንጋጋዎ ነው።»

«ስለ ምኔ?»

«ስለ መንጋጋዎ። ጥርስዎን ነክሰው ነው የሚያወሩኝ። ግራ እጅዎንም ይዩት።»

አዩት። ስልካቸውን ጨብጠውታል፤ ጣቶቻቸው ነጥተዋል። ተኝተውም እንደጨበጡት ነበር።

«ይክፈቱት እስቲ።»

ለመክፈት ጊዜ ወሰደባቸው። ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩና እዚያው ቫኑ ውስጥ አሳየኋቸው። የእግር ጣቶችን ጫማ ውስጥ ጭብጥ፣ ከዚያ ልቅቅ። ባትን፣ ሆድን፣ ትከሻን፣ በመጨረሻ መንጋጋን። አየር በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት። ሐሳብ ሲመጣ «መጣህ?» ብሎ ወደ ትንፋሽ መመለስ። አልጋ ላይ ገብቶ እንቅልፍ እንቢ ካለ ደግሞ ተነስቶ ሌላ ክፍል መቀመጥ፤ ከአልጋ ጋር መጣላት የለም።

«ትንሽ ተነፈስኩ እንጂ ምን አደረግኩ?» አሉኝ ሲጨርሱ።

«ይኸው ነው ሥራው። ሌላው ደግሞ፣ ሌሊት ሌሊት ስልኩን ለሌላ ሰው ይስጡ።»

ስልኩን መልሰው ጨበጡት። «እሱን አታንሺብኝ። የተኛሁ ቀን የራሴ መርዶ ይመጣል። ይሄን አውቃለሁ።»

የቫኑን ቁልፍ ግን ሰጡኝ። ለአለቃቸው ደውለው «አሞኛል» አሉ። ውሸት አልነበረም።

ያ ሳምንት ከንቱ ነበር። በየማታው ወደ ሥራ ስሄድ ቤታቸው ጎራ እላለሁ፤ ከኢሻ ሶላት በኋላ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለን አብረን እንተነፍሳለን። በሦስተኛው ቀን፣ «ተይው ልጄ» አሉኝ። «ትንፋሽ መቁጠር ሬሳ መቁጠር ሆነብኝ። አንድ ስል ያሲን፣ ሁለት ስል የዘይነባ ልጅ፣ ሦስት ስል እናትሽ።»

እውነቱን ልናገር፣ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። በመጽሐፍ የተማርኩት ነገር እኚህ ሰው ላይ ሲደርስ እንደ ቀልድ ሆኖ ታየኝ። በማግስቱ ተመልሼ ቁጥሩን አስቀረሁት። «እግርዎ ምንጣፉን ሲነካ ይሰማዎት፤ ሌላ ምንም አይቁጠሩ» አልኳቸው። ይሄኛው ሻል አለ። ትከሻቸው ወረደ፣ መንጋጋቸው ላላ። እንቅልፉ ግን እንደራቀ ነው፤ ስልኩ ከትራሳቸው ሥር አልወጣማ።

«ጋሼ፣ ሰውነትዎ ዘብ ቆሟል» አልኳቸው። «ዘበኛ የሚተኛው ተረኛ ሲመጣለት ነው። ትንፋሹ እንዲተኙ ያዘጋጅዎታል፣ ከዘብ ግን አያወርድዎትም። እሱን ማድረግ የሚችል ሰው ነው። ሱሀይል እቀበላለሁ ብሏል።»

ሱሀይል ግሮቭፖርት አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ የእድሩ ጸሐፊ የሆነ ጎልማሳ ነው። ይህን ስል የጋሼ ባለቤት እትዬ ሙሚና ከወጥ ቤት መጡና ስልኩን ከእጃቸው ወሰዱት።

«ሰባት ወር አብሬህ ነቅቻለሁ፣ ሙሐመድኑር» አሉ። «እኔስ ሰው አይደለሁ?»

ጋሼ ሚስታቸውን ቀና ብለው አዩ፤ እንደዚያ አድርገው ያዩዋቸው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ። ከዚያ፣ «ለሱሀይል ስጪው» አሉ።

የመጀመሪያው ሌሊት አልተኙም። ሁለተኛው ሌሊት፣ ክሊኒክ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ሙሚና ናቸው፤ በሹክሹክታ፣ «ያንኮራፋል! ስሚው!» አሉኝና ስልኩን ወደ አልጋው አስጠጉልኝ። ሰማሁት። በሥራዬ ስንቱን ማንኮራፋት ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ደስታ ግን ተሰምቶኝ አያውቅም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሱሀይል ደወለ።

«ጃፋር ሞተ» አለኝ። «የጋሼ ወንድም። በእሳቸው ስልክ ነው የተደወለው። እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ ብሩኬ። ምን ላድርግ?»

የተኛሁ ቀን የራሴ ይመጣል ብለው ነበር። መጣ። ስክሪኔ ላይ የማላውቀው ሰው ትንፋሽ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እኔ ግን በዚያች ሰዓት የራሴን ምክር ተጸየፍኩ።

ንጋት ላይ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። ቤታቸው በራፍ አራት መኪና ቆሟል። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ገብረየስ ጋቢያቸውን በካፖርታቸው ላይ ደርበው ወደ በሩ ሲራመዱ ደረስኩ።

«ይቆዩ፣ ጋሽ ገብረየስ። ተኝተዋል።»

«መርዶ በንጋት ነው፣ ልጄ። ደንቡን እሱ ራሱ ነው ያስተማረን።»

«ሰባት ወር ያልተኛን ሰው በየትኛው አቅሙ ያልቅስ ብለው ነው?»

«ወንድሙ ሞቶ እንዴት ይተኛል? ነገ ‹አስተኝታችሁ ደበቃችሁኝ› ቢለንስ? እኔ ይሄን ነውር አልሸከምም።»

ምናልባት እውነታቸውን ነው ብዬ ፈራሁ። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። እትዬ ሙሚና ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ወጡ። መርዶውን ሰምተዋል፤ ሱሀይል ነግሯቸዋል።

«የሱብሒ ሶላት አለፈው» አሉ። «ሱብሒ አልፎት አያውቅም። ልቀሰቅሰው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። የተኛ ሰው ላይ ኃጢአት አይጻፍበትም፤ ሲነቃ ይሰግዳል። አላህ እስኪነቃ ከጠበቀው፣ እድሩ መጠበቅ ያቅተዋል፣ ገብረየስ?»

ጋሽ ገብረየስ ተመልሰው መኪናቸው ውስጥ ገቡ፤ ሁላችንም ገባን። ሞተር አጥፍተን፣ ድምፅ እንዳናሰማ ሳላችንን ሳይቀር ይዘን ተቀመጥን። ፀሐይ ከፍ አለች። ጎረቤቶቹ የመኪናቸውን በረዶ ፍቀው ወደ ሥራ ሄዱ።

ጋሼ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነቁ። ታጥበው ሰገዱ፤ እትዬ ሙሚና በመስኮት እየጠቀሱን እስኪጨርሱ ጠበቅን። በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ፊታቸው ላይ ያ አመድ የለም። ከየመኪናችን ወርደን ቆመን አዩን። ከዚያ ወደ እጃችን ተመለከቱ።

«ዛሬ የእኔ ነው?» አሉ።

እኔ፣ «አዎ ጋሼ» አልኩ። «ጃፋር።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።» ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያላችሁ?»

«ከንጋት ጀምሮ።»

«ጠበቃችሁኝ?»

«ጠበቅንዎት።»

ያ የፈራሁት ቁጣ ይመጣል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ጋሼ ግን የተከፈቱ ሁለት መዳፎቻቸውን እያዩ፣ «ሰባት ወር ሙሉ ነቅቼ ጠበቅኩት» አሉ። «አንዲት ቀን አላስጨመርኩለትም።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ጋሽ ገብረየስ አጠገባቸው በረዶው ላይ ተቀምጠው አብረው አለቀሱ።

ከለቅሶው በኋላ እድሩ ደንቡን ለወጠ። ስልኩ በየሳምንቱ ተረኛ ይይዘዋል፤ የተኛ ሰውም ለመርዶ አይቀሰቀስም። ጋሼ ሥራቸውን የጀመሩት ሚያዝያ ላይ፣ ሐኪማቸው ከፈቀደላቸው በኋላ ነው። ያን ሰውነት የማሳረፍ ነገር አሁን እሳቸው ራሳቸው ለእድርተኛው ያስተምራሉ፤ «መንጋጋህን ልቀቅ» እያሉ። ሌሊቱ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሌሊት ሌላኛው ክፍል ተቀምጠው ያነጋሉ። የሃጀርንም በር እስካሁን አላንኳኩም።

«ያን ሌሊት መተኛቴ ምን ጠቀመኝ ብለው ያስባሉ?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ያን ቀን አስታውሰዋለሁ» አሉኝ። «በጫማሽ ላይ የነበረውን በረዶ፣ የገብረየስን እንባ፣ ሱሀይል ‹ይቅር በሉኝ› ሲል፣ ሁሉንም። ወንድሜን በሙሉ አቅሜ ነው ያለቀስኩት። ደክሞኝ ቢሆን ይሄም ያመልጠኝ ነበር።»

የእናቴን መርዶ የሰማሁበትን ጠዋት ለማስታወስ ሞከርኩ። ከሺፍት ገብቼ፣ ዓይኔን እንደጨፈንኩ ነበር። ጋሼ ምን እንዳሉኝ፣ ማን እንዳቀፈኝ፣ ማልቀሴን እንኳ አላውቅም። የማስታውሰው የምንጣፉን ቀለም ብቻ ነው።