ጭቃ የሚቦካበት ትምህርት ቤት

ፍራንኮ አካባቢ ያስቆምኩት ባጃጅ ውስጥ ጋሽ አምባዬ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴነር ሲያመላልሱ ጨርሰው ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ቤተሰባቸውን እንደ ተሳቢ ከኋላ አስረው ይጎትቱታል። ያን ቀን ኮት ለብሰዋል። በአዳማ ሙቀት በቀን ኮት የለበሰ ሽማግሌ ወይ ለቅሶ ይሄዳል፣ ወይ ሊጣላ ነው።

"ወዴት ነው ጋሽ አምባዬ?" አልኳቸው።

"አንቺ ያስገባሻትን ልጅ ላስወጣ" አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ልጅቱ የልጅ ልጃቸው ፍሬሕይወት ናት፤ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ የምስራች ከድሮው ትምህርት ቤት አውጥታ አሁን ወዳለችበት ያዛወረቻት እኔ መክሬያት ነው። ለፍላፊ የነበረች ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጥግ ይዛ ዝም ማለት ጀምራ ነበር። ይባስ ብሎ ልብሷ ላይ ትሸና ጀመር። ቤተሰቡ ተሰብስቦ "ብርድ ነው" ብሎ ፈረደ። ጋሽ አምባዬም ሶደሬ ወስደው ፍል ውሃ ውስጥ ነከሯት፤ አልተዋት ሲል ደግመው ወሰዷት። የተማረውም ያልተማረውም መድኃኒት ሲያዝ፣ ልጅቱን "ምን ሆንሽ?" ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

የራሴን ጉዳይ ትቼ አብሬያቸው ስሄድ መንገዱን ሙሉ ክሳቸውን ዘረዘሩ። አዲሱ ትምህርት ቤት የቤት ሥራ አይሰጥም። ደረጃ አያወጣም። ልጆቹ ጭቃ ያቦካሉ፣ ጎመን ይተክላሉ፣ የበሉበትን ሳህን ያጥባሉ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ተረት ይሰማሉ። እንግሊዝኛው አንድ ሁለት ዘፈን ብቻ ነው።

"ሳህን ማጠብ እናቷ በነፃ ታስተምራት የለም እንዴ?" አሉ። "ጭቃ እንድታቦካ ነው እኔ ስንት ዘመን መሪ ይዤ የኖርኩት?"

የባጃጁ ሾፌር በመስታወት እያየን፣ "እኔም ያቦካሁት ጭቃ ነው አባባ፤ ይኸው ባጃጅ አደረሰኝ" ብሎ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

የልባቸውን ቁስል የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት ፍሬ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ሶፋ ላይ ያቆሟትና እንግሊዝኛዋን ያሰሟታል፤ እሷም የፍራፍሬውን፣ የቀለሙን፣ የአውሬውን ስም ታወርደዋለች፤ እንግዳው ያጨበጭባል። ሰሞኑን እህታቸው ከሁሩታ ሲመጡ እንደ ልማዳቸው ቢያቆሟት፣ "አልፈልግም" ብላ ወረደች።

"ያስተማሯት ይሄንን ነው" አሉ። "እንቢታ።"

"እንኳን አስተማሯት" አልኩ። ትዕግሥት ብዙም የለኝም። "ልጅ ሲጫኑት የሚዘፍን ቴፕ አይደለም። ለመሆኑ እርስዎ ረዳትዎን ያሠለጠኑት እንዴት ነበር? የሞተሩን ዕቃ ስም አስሸምድደው ነው ወይስ ጎማ አስፈትተው?"

"በጥፊ" አሉ ያለ ምንም እፍረት። "በጥፊ ያሠለጠንኩት ዛሬ የራሱን ሲኖትራክ ይነዳል።"

"ሌላኛውስ? የጎማው ንፋስ መጉደሉን እያየ ጥፊውን ፈርቶ ያልነገረዎት? መተሐራ ላይ ከነጭነቱ ያስገለበጠዎት?"

"እሱን ነገር አታንሺብኝ" አሉና ወደ ውጭ መመልከት ጀመሩ።

እኔ ግን የትምህርቱን ነገር አላቆምኩም፣ ምክንያቱም የማያናድደኝ ነገር አልነበረም። ገና ጥርሳቸው ያልተነቀለ ሕፃናትን አንደኛና ሠላሳኛ ብሎ መደርደር እንደ ዕውቀት ይቆጠራል። በቤቱ ቋንቋ እንዳይናገር የተከለከለ ልጅ "ዘመናዊ" ይባላል። ወላጅም ልጁ ምን እንደተሰማው ሳይሆን ምን እንደሸመደደ ሰምቶ ደስ ይለዋል። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸውም ትምህርት መከራ መሆኑን፣ መከራውን በልጅነቱ ያልለመደ ኋላ ለቁም ነገር እንደማይበቃ፣ እኔም ራሴ በልምጭ ተምሬ ዩኒቨርሲቲ መግባቴን አስታወሱኝ። ልምጩ ባይኖር የት በደረስኩ ብላቸው፣ "አፍሽማ የትም ይደርሳል" አሉኝ። ሳንስማማ ደረስን።

በሩ ላይ የተቀበለችን የፍሬ መምህርት ቦንቱ ናት። "አካም ጅርቱ አባባ" ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ጎንበስ አለችላቸው፤ እሳቸውም ቁጣቸውን እንደያዙ "ፈያ" አሉና ልጅቱን እንድታመጣላቸው ጠየቁ። ቦንቱ አልተከራከረችም። ልጆቹ ጨዋታ ላይ ስለሆኑ እስኪጨርሱ ከኒም ዛፉ ሥር አግዳሚው ላይ እንድንቀመጥ ለመነችን።

ልጆቹ ከፊታችን ነበሩ፤ በጨዋታው ተጠምደው አላዩንም። የሚጫወቱት ትምህርት ቤት ነው። መምህርቷ ፍሬ ናት፤ እንጨት ይዛለች። ሌሎቹ መሬት ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል። ጃዕፈር የሚባል ልጅ እጁን አውጥቶ ተነሳ።

"ቲቸር፣ ሽንቴ መጣ።"

"በኢንግሊሽ በል" አለች ፍሬ። ድምጿ የአሮጊት ድምፅ ነበር።

"አልችልም።"

"ኖ አማርኛ። ሲት ዳውን።"

ጃዕፈር እየተቁነጠነጠ ተቀመጠ። እንደገና እጁን አወጣ፤ እንደገና አስቀመጠችው። ከዚያ ፍሬ የጎመን ማጠጫውን ጣሳ አነሳችና ከእግሩ ሥር ውሃ አፈሰሰች። ወደ ሌሎቹ ዞራ፣ "ሁላችሁም ሼም በሉ" አለች። ልጆቹ "ሼም፣ ሼም" እያሉ አጨበጨቡ። እሷ አልሳቀችም።

ጋሽ አምባዬ ብድግ አሉ። ፍሬ ስታያቸው እንጨቱን ጣለች።

"ፍሬ፣ ይሄን ጨዋታ ማን አስተማረሽ?" አሏት፣ ቁጢጥ ብለው።

"የድሮዋ ቲቸር እንደዚህ ናት። በእንግሊዝኛ ካልጠየቅን አታስወጣንም። እኔ ደግሞ የሚባለው ረጅም ስለሆነ ይጠፋኛል።"

"ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንደኛ የወጣች ልጅ እንዲህ አታደርግም አልከኝ እኮ" አለች፤ ጃዕፈር ስለጠራት ወደ ጨዋታዋ ሮጠች።

ሽማግሌው ከመሬት ለመነሳት ጊዜ ወሰደባቸው። "ፍል ውሃ ነከርኳት" አሉ። "እያለቀሰች ነከርኳት።"

ቦንቱ ጨዋታውን ካየች ጥቂት ቀን መሆኑን፣ ዛሬ የፍሬን እናት ልታናግር አስባ እንደነበር ነገረቻቸው። "ሕፃን የከበደውን ነገር በቃል አያስረዳም አባባ፤ ይጫወተዋል" አለች። "ጨዋታውን ከከለከልነው ግን በምን ይንገረን?"

"ማንበብስ? እንግሊዝኛውስ?" አሉ ጋሽ አምባዬ። አሁን የሚጠይቁት ሊከራከሩ አልነበረም።

ቦንቱ እየዞረች አሳየቻቸው። ጭቃ ያቦካ ጣት እርሳስ ሲይዝ አይደክምም። የጎመኑን መደብ በስንዝር የለካ ልጅ ቁጥር ምን እንደሆነ ያውቃል፣ መቶ ድረስ ቆጥሮ ሦስት ብርቱካን ማካፈል እንደሚያቅተው ልጅ አይሆንም። ተረት ሰምቶ በራሱ አፍ መልሶ የሚያወራ ልጅ፣ ሌላውን ቋንቋ የሚያስቀምጥበት ቦታ ያገኛል። ሳህኑን ያጠበ ሌላውን አያዝዝም። እኔ አንድ ብቻ ጨመርኩ፦ "እንቢ" እና "አመመኝ" ማለት የሚችል ልጅ ሲታመም ይታወቃል፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ፍሬን ሳያስወጧት ወጡ። መንገድ ላይ ባጃጅ አስቁመው የድሮውን ትምህርት ቤት ሰፈር ሲጠሩ ሰማሁ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ እዚያ ክፍል ውስጥ እጃቸውን አውጥተው የተቀመጡ ልጆች ዛሬም እንዳሉ ነገሩኝ። አብሬያቸው ገባሁ።

ርዕሰ መምህሩ በረንዳ ድረስ ወጥተው በአክብሮት ተቀበሉን። "ጋሽ አምባዬ፣ አንደኛችንን መልሰው አመጡልን?"

"የለም" አሉ ጋሽ አምባዬ፤ የቀረበላቸውን ወንበርም አልነኩም። "እዚህ ቤት ልጆች ሽንት ቤት የሚሄዱት በምን ቋንቋ እንደሆነ እንዲያስረዱኝ ነው የመጣሁት።"