ለአባት የተነገረ የልጅ ሕመም

በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ቦንጋ ከገበያው በታች ባጃጅ ስጠብቅ፣ የማንኪራ መንደሩን ንብ አናቢ ጋሽ ደጉን፣ ጀሪካን አንጠልጥለው፣ ልጃቸውን ታንጉትን አስከትለው አገኘኋቸው።

«ወዴት ነው በጧቱ?»

«ፀበል ነዋ! ይኼ አራተኛችን ነው። ባሏ ጥሩሰው፣ እስከ ፋሲካ ካላረገዝሽ ወደ አባትሽ ቤት ብሏታል። ኃጢአት ቢኖርባት ነው ይላል፤ ጎረቤቱም ያንኑ ይደግማል።»

ታንጉት ከሁለት ዓመት በፊት ምጥ ጠንቶባት፣ ስሙን በማልጠራው የግል ክሊኒክ በቀዶ ጥገና ተርፋለች፤ ልጇ ግን አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ የወር አበባ አይታ እንደማታውቅ ለእኔ ሹክ ብላኛለች። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልዘለቅሁም፤ ግን እጄ የገባ መጽሐፍ ሳላነበው አይወጣም፣ አንዱ ላይ ስለ እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና ያየሁት ነገር አሳስቦኝ ነበር። «አንቺን ደግሞ ማን ዶክተር አደረገሽ?» እንዳልባል ያኔ ሳልነግራት ቀረሁ። ኩራቴን ጠበቅሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ጋሽ ደጉ፣ ሐኪሙ ያኔ ምን አደረግንላት አለዎት?»

«እኔ ምን አውቄ! ጣቴን ቀለም ነክረው ወረቀት ላይ አሳረፉኝ። በኋላ አንዱ ወጣና፣ እንደ ካፍኛችን በማይቀናኝ አማርኛ ቶሎ ቶሎ ነገረኝ። እሺ አልኩ።»

«ሳይገባዎት?»

«ነጭ የለበሰን ሰው አልገባኝም ይሉታል? ተቀይሞ ልጄን ቢተዋትስ?»

«በሬ ሲገዙ ጥርሱን ቆጥረው፣ አስሮጠው፣ ባለቤቱን ሦስት ጊዜ ያስምላሉ። የልጅዎ ሆድ ሲቀደድ ግን እሺ!»

«ላቀች፣ አንቺ ምላስሽ!» አሉና ፈገግ አሉ። «ሐኪም አይጠየቅም። ከእግዜር በታች እሱ ነው።»

«እግዜርንስ አራት ጊዜ ሊጠይቁት እየሄዱ አይደል? ታማሚ ምን እንደያዘው፣ ምን እንደተደረገለት በሚገባው ቋንቋ የማወቅ መብት አለው። ካርዱ ላይ የተጻፈውንም ቆይቶ ይጠይቃል። ልመና አይደለም።»

«ፀበሉስ?»

«ፀበሉ የትም አይሄድም። የሚለምኑትን ዐውቀው ቢሄዱ ምን ይጎዳዎታል?»

ጀሪካኑን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ታንጉት፣ «አባዬ፣ እንጠይቅ» አለች፤ ያን ጧት የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

ከፀበሉ በፊት ወደዚያው ክሊኒክ ሄድን። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ፣ «የድሮ ካርድ አናወጣም» አለች። «ሆዷ እኮ የድሮ አይደለም፤ ይኸውና ቆማለች» አልኳት። ካርዱ ወጣ። ወደ ክሊኒኩ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ዶክተር ነቢዩ አነበበውና ፊቱ ጠቆረ።

«ማህፀኗ በምጡ ተቀዶ ደሙ አልቆም ብሏል። ነፍሷን ለማትረፍ ማህፀኗን አውጥተውታል። ሥራው ትክክል ነው። "ለአባት ተነግሯል፤ እሺ ብለዋል" ይላል።»

ጋሽ ደጉ ግድግዳውን ያዙ። «አወጣነው አለኝ። እኔ የሞተውን ሕፃን ያሉ መስሎኝ... እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እጁን ሳምኩት።»

ዶክተሩ ወደ እሳቸው ዞሮ፣ «አባቴ፣ በጣም አዝናለሁ፤ ከእንግዲህ...» ሲል አስቆሙት።

«ለእኔ አይደለም ልጄ። ሕመሙ የሷ ነው፣ ለሷ ንገራት። ላቀች በካፍኛ ታድርስላት። ባልገባት ቁጥር ትጠይቅህ፤ አትቆጣት።»

ነገርናት። አላለቀሰችም። ካርዱን ብዙ ካየች በኋላ፣ «ኃጢአት የሚል አለበት?» አለች።

«የለበትም» አለ ዶክተሩ።

«እንግዲያው ግልባጩን ስጡኝ።»

ጥሩሰው ወረቀቱን አስነብቦ ሰማ፤ ፋሲካ ሳይደርስ ግን ሌላ አገባ። የሰፈሩ ሐሜት ቀረ፤ ትዳሩ አልተረፈም። ያኔ አንድ ሰው አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ በቋንቋዋ ቢነግራት ኖሮ፣ ሁለት ዓመት በባዶ ተስፋ ባልተንከራተተች ነበር። የሚጠይቅ ታማሚ ሐኪሙን አይደፍርም፣ ያግዘዋል እንጂ። የተደረገለትን ያወቀ ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ ይወስዳል፤ ስሙን ለሚያጠፋውም መልስ አያጣም።

ጋሽ ደጉ ዛሬ ከማንኪራ በሽተኛ ሲመጣ አብረው ይመጣሉ። ሐኪሙ ሲጨርስ፣ «ቆይ፤ ምን እንደገባው በሽተኛው ራሱ መልሶ ይንገረን» ይላሉ። ሰው ሲያመሰግናቸው ግን አይወዱም። «እኔ የተማርኩት በልጄ ነው» ይሉና ፊታቸውን ያዞራሉ።