ከመሸፈኛው ሥር የወጣው ደረጃ

ጋሽ ማስመሪያ እንደሚሉት ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው። ለጤና ጣቢያው ሕንፃ መጀመሪያ የነደፉትን ደረጃ «ጠባብ ነው፤ ቃሬዛ አያዞርም» ብለው ራሳቸው ጥለውት ነበር፤ ማሽኑ ግን ከመቃብር አውጥቶ ከአዲሱ ደረጃ ጎን አቁሞታል። በዚያ ላይ የምሥራቁ ክንፍ ንድፎች ግማሾቹ የሉም። የእህታቸው ልጅ እንደሚለው ግን ማሽኑ ከሙታን ያስነሣው ነገር የለም። የሰው እጅ መግባት በማይገባው ቦታ ገብቷል። የማን እጅ እንደሆነ አልተናገረም። ሁለቱም ባሉበት ጸኑ፤ የቢሮውም ሰው ለሁለት ተከፈለ።

ጋሽ ማስመሪያ የንድፍ ቢሮው ባለቤትና ዋና ነዳፊ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው የቢሮው ሰው ነው፤ ማስመሪያ በኪሳቸው ሳይዙ ሠርግ እንኳ አይሄዱም ይባላል። የእህታቸው ልጅ ደግሞ ኮሌጅ ከጨረሰ ወዲህ የቢሮውን ኮምፒውተሮች ይጠብቃል።

ሙግቱ በተነሣ በማግስቱ ጠዋት ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር። ጋሽ ማስመሪያ በእግራቸው ሲወጡ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆም እንዳሉ ልጁ ከኋላ ደረሰባቸው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ቦርሳውን ይስጡኝ።»

«ቦርሳውን ተወው፤ ንድፌን መልስልኝ! ግንበኛው ደውሏል። ንድፉን ቶሎ ካላገኘ ሠራተኞቹን ሊበትን ነው። እኔ ቆርጫለሁ፤ የላይኛውን ንብር ደምስሰውና እንደ አዲስ እንጀምር።»

«ጋሼ፣ የላይኛው ንብር እኮ የመላው ቢሮ የዓመት ድካም ነው።»

«የታመመ ጥርስ ይነቀላል።»

«ጥርሱ ብቻ ቢሆን እሺ፤ እርስዎ ሊነቅሉ ያሰቡት መንጋጋውን ነው።»

ጋሽ ማስመሪያ ሳቃቸው መጣና ዋጡት። የተቆጣ ሰው በራሱ ላይ በተነገረ ቀልድ መሳቅ አይወድም፤ ሳቁ ግን ልቡን በትንሹ መክፈቱ አይቀርም። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና «እስቲ በሰው ቋንቋ አስረዳኝ» አሉት።

«ድሮ ዋናውን ንድፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ታነጥፉበት ነበር አይደል?»

«አንተ ሳትወለድ!»

«እርማቱ ሁሉ በስሱ ወረቀት ላይ ይሠራል፤ ዋናው አይነካም። ፋይሎቻችን ያሉበት ሰርቨርም እንደዚያው ሁለት ንብር ነው። ከታች ዋናዎቹ ፋይሎች አሉ። ለውጡ ሁሉ ያለው ከላይ ነው። አንድ ንድፍ ስንጥል ከታች አይጠፋም፤ ከላይ መሸፈኛ ይደረግበታል። የፎልደር ስም ስንለውጥ ደግሞ ‹የድሮው ከታች በዚህ ስም አለ› የሚል ጠቋሚ ከላይ ይቀመጣል። ስክሪኑ ላይ የምናየው ሁለቱን ደርበን ነው።»

«እና?»

«እና የታችኛው ወረቀት ከቦታው ቢንሸራተትስ?»

ጋሽ ማስመሪያ ከኪሳቸው ማስመሪያውን አውጥተው ማገላበጥ ጀመሩ። ባለፈው ሳምንት፣ ባለቤት በመሆናቸው በእጃቸው በቀረው የይለፍ ቃል ወደ ታችኛው ንብር ገብተው፣ የፎልደሮቹን ስም ሲያሳምሩ ውለው ነበር። ቤት እንደማጽዳት ቆጥረውት፣ ማታ ደስ ብሏቸው ነበር የተኙት።

«ስም ነው ያስተካከልኩት፤ አንዲት መስመር አልነካሁም» አሉ።

«ማን ነካ ብዬ አልጠየቅሁም ጋሼ።»

«ዐይንህ ጠይቋል።»

«ዐይኔን ይተዉት፤ መድኃኒት አለኝ።»

ቢሮ ሲገቡ የምሥራቁን ክንፍ የምትነድፈውን ሴት ጠረጴዛዋ ላይ አገጯን በእጇ ደግፋ አገኟት። በላይኛው ንብር ላይ የሕሙማኑን ክፍሎች በሮች አንድ በአንድ ያሰፋችው እሷ ናት። «ጋሼ፣ ከደመሰሱት እኔንም አብረው ይደምስሱኝ» አለች።

«ቆዪ፣ ይህ ሰውዬ መድኃኒት አለኝ እያለ ነው» አሉ ጋሽ ማስመሪያ።

ልጁ የሁለቱንም ንብሮች ቅጂ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ከፈተ። «መርማሪና መጠገኛ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። መጀመሪያ ሁሉም ሰው ከፋይሎቹ ላይ እጁን ያነሣል፤ እየተጻፈበት ያለ ነገር አይመረመርም። ከዚያ መርማሪው ሳይነካ ያያል፤ ያየውን ይናገራል። እርግጠኛ የሆነበትን ይጠግናል። ያልሆነበትን ይጠይቀናል።»

«ራሱ ቢሳሳትስ? ልትኳል ዐይኗን አጠፋች እንዳይሆን።»

«ለዚህ ነው በቅጂው የምንጀምረው።»

«እርግጠኛ የሚሆነው በምኑ ነው?»

«ለምሳሌ ከሥሩ ምንም የሌለበት መሸፈኛ። የሚሸፍነው ከሌለ ጥቅም የለውም። መጀመሪያ እሱን ይጠርጋል።»

ጋሽ ማስመሪያ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቁም። የጣልነው ጠባብ ደረጃ ላይ የነበረው መሸፈኛ፣ አሁን ከሥሩ ምን አለ?»

«ምንም። የታችኛው ፎልደር ስሙ ስለተለወጠ መሸፈኛው ባዶ ቦታ ሸፍኖ ቀርቷል። ደረጃውም በአዲሱ ስም ወጥቶ የሚታየው ለዚህ ነው።»

«እንግዲያው መሸፈኛውን ከጠረግኸው፣ ያ ደረጃ የተጣለ መሆኑን ማን ይመሰክራል? ግንበኛው ሁለት ደረጃ ሲያይ የቱን ሊገነባ ነው?»

ልጁ የደረጃውን መሸፈኛ በላፕቶፑ ላይ ፈልጎ አየ። ቀጥሎ ያደረገውን ብዙ የተማረ ሰው አያደርገውም፤ «እውነትዎን ነው» አለ። «ቅደም ተከተሉን አበላሽቻለሁ። መጀመሪያ ከላይ ያለው ፎልደር ሁሉ ከታች ከድሮ ባልንጀራው ጋር ይገናኝ። መጥረግ መጨረሻ ላይ ይሁን።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ ጋሽ ማስመሪያ፤ ድምፃቸው ግን ለስልሶ ነበር።

«አሁን ልጁን እየገሠጹት ነው ወይስ እያገዙት?» አለች ነዳፊዋ።

«አንቺ ዝም በይ፤ በሮችሽ አብረው እንዳይጠረጉ እኮ ነው የተሟገትኩት።»

ሙግት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጉሮሮ ያደርቃል፤ ሌላው ሥራ ያቃናል። የሚለያቸው የድምፅ ከፍታ ሳይሆን፣ «እውነትዎን ነው» የምትለው ቃል በመካከል መገኘቷ ነው። ልጁ ለዕለቱ የሚሆነውን ፕሮግራም አርሞ ሲጨርስ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ጋሽ ማስመሪያ ግን ከወንበራቸው አልተነሡም።

መርማሪው በቅጂው ላይ ሲሠራ አንድ ቦታ ደርሶ ቆመና ጠየቀ፤ የምሥራቁ ክንፍ ጠቋሚ የሚያመለክተው ፎልደር ከታች የለም፤ በይዘቱ የሚመስለው ግን በሌላ ስም አለ፤ እሱ ይሆን?

«እሱ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አዎ በለው።»

የጎደሉት ንድፎች ተራ በተራ ተመለሱ። ቀጥሎ የደረጃውን ጠየቀ፤ እሱንም አዎ አሉት። ጠባቡ ደረጃ ከመሸፈኛው ሥር ገባና ሰፊው ብቻውን ቀረ። ነዳፊዋ የበሮቿን ስፋት አንድ በአንድ አየችና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

መርማሪው እንደገና ቆመ። በአንድ የቆየ የመጋዘን ሥራ ውስጥ ሁለት ጠቋሚዎች አንዱን ፎልደር የእኔ ነው ይላሉ፤ እውነተኛው የቱ ነው?

ጋሽ ማስመሪያ አገጫቸውን አሻሹ። «ይህን እንኳ አላውቅም።»

«እንግዲያው ‹አላውቅም› ይበሉት። ሳይነካው ያልፋል፤ እስኪጣራም እየደጋገመ ያስታውሰናል።»

«‹አላውቅም› ማለት ይፈቀዳል?»

«ለዚያ የተሠራ ቁልፍ አለው።»

«በል፣ ይህ ነገር ከስንቱ ኃላፊ ይሻላል!»

ቢሮው በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ማስመሪያ ግን ሳቃቸው ሲያበቃ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። የፈሩት ማሽኑ ያለ ሰው እንዳይፈርድ ነበር፤ ያዩት ግን ከፍርድ በፊት የሚጠይቅ ማሽን ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር እንዲህ ቢመረመር፣ ስንጥቁ ገና እንደ ፀጉር ቀጭን ሳለ ይገኛል፤ የአንድ ቀን ስሕተት የዓመት ድካም አይበላም፤ ሰውም ጥፋቱ የማን ነው እያለ ሲነታረክ አይውልም። ደግሞም ቃሬዛ የማያዞር ደረጃ በሲሚንቶ ከተሠራ በኋላ የሚሸፍነው መሸፈኛ የለም።

ከወንበራቸው ተነሡ።

«ስሙኝ ሁላችሁም! የላይኛው ንብር አይደመሰስም። አሁን ሁሉም እጁን ያንሣ፤ ልጁ ዋናውን ይጠግን። ለግንበኛው እኔ እደውላለሁ፤ ንድፉ ነገ ይደርሰዋል፣ አንድ ደረጃ ብቻ ይዞ። አንተ ደግሞ የታችኛውን የይለፍ ቃል ለውጠው፤ አዲሱን ለእኔም እንዳትነግረኝ።»