ለቅሶ ላይ ያገኘሁት ግንበኛ

እንደው ቦንጋ ውስጥ ግንበኛ ቀጥሮ ያልተቃጠለ ሰው አለ? የእኔው፣ አስራት ይባላል፣ የማድቤቴን የጡብ ግድግዳ እስከ መስኮቱ አደረሰና ጠፋ። ስደውልለት «ለቅሶ ላይ ነኝ እትዬ» ይለኛል። ዝናቡ እንደሆነ ፋታ የለውም፤ ላስቲክ ባለብሰውም ጡቡ አረንጓዴ ሆነ። ያላለቀ ግድግዳ ቆሜ በብሩሽ እፈትጋለሁ! በመጨረሻ «ይሄ የማያልቅ ለቅሶ የማን ነው?» ብዬ ጎትቼ ላመጣው በባጃጅ ሄድኩ። እውነትም ድንኳን ተጥሏል፤ አስራትም አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁና «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ገና «ግድግዳዬስ?» ልለው ወደ ጆሮው ጠጋ ስል፣ የሟች ሚስት ወደ እኔ ዞሩ።

«እህቴ፣ አስራት ለእርስዎ እየሠራ ነው አሉኝ። እጁ እንዴት ነው?»

ድንኳኑ ሙሉ ሰው ያየኛል። ሐዘን ቤት ተቀምጬ ሰው ልማ? «እጁስ ጥሩ ነው» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ፤ አስራት ነው። ደስ ብሎኝ ሻይ ልጥድለት ስል «አልቀመጥም እትዬ፤ ውሃ ልኬን ረስቼ ነው። የትናንቷ ሐዘንተኛ ‹የባለቤቴን መቃብር በጡብ ሥራልኝ› ብለውኛል፤ እርስዎ ስላመሰገኑኝ» አለ።

«የእኔስ ግድግዳ?» ብዬ ጮህኩ።

ውሃ ልኩን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ከልቡ ገርሞት አየኝ። «እትዬ፣ እርስዎማ ተመስገን በሕይወት አሉ፤ ምን ያስቸኩልዎታል?»